የደም ዋጋ ወይስ የየቲም ሐቅ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ጉምና ካፊያ ነው። የቀድሞዋ ኮሶበር፣ የዛሬዋ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ፣ አስፋልቱ መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። በአንድ ወገን ወደ አዲስ ቅዳምና ወደ ዳንግላ ይዘልቃል፤ በሌላ ወገን ወደ ቻግኒ፣ ወደ መተከልና ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ መንገድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ፣ የፋግታ ለኮማን የዲከረንስ ከሰል የቆለለ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ እግረኛና ከብት የሚነዳ ልጅ አንድ ላይ ይተላለፋሉ። መንገዱ አንድ ነው፤ ፍጥነቱና ክብደቱ ግን ለየቅል ነው። ሲጋጩ የሚሞተው ማን እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃል።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ስለ አደጋው አይደለም። ከአደጋው በኋላ በሟች ቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነው።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ስም አንጠራም፤ ታሪኩ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙዎች ነውና። ዳንግላ ላይ ቤት ተከራይቶ በአነስተኛ ንግድ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አባወራ፣ መግሪብን ሊሰግድ አስፋልት ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው እንበል። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ጀማዓው ግዴታውን ተወጣ። ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ተቀበረ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ምግብ እየያዘ መጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀዕፈር በሙታ ዘመቻ ሲገደሉ ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራላቸው ማዘዛቸውን የሰማ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሦስቱ ቀን በዚህ አለፈ።

ከተዕዚያው በኋላ ግን ሽማግሌዎች መጡ። የላኳቸው ሾፌሩና ባለ መኪናው ናቸው። «ልጁ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ የአላህ ቀደር ነው፤ አፉ በሉት» አሉ። ባልቴቲቱ አለቀሰች። የሟች ወንድም ተነሳና «እኛ የወንድማችንን ደም አንሸጥም፤ ለአላህ ብለን ትተናል» አለ። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወንድነቱን አደነቀ። ከዚያም አንድ ወረቀት መጣ፤ ከእንግዲህ ቤተሰቡ የሚጠይቀው ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ነበር። ተፈረመ። ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ድንኳኑም ተነቀለ።

ወር ሲሞላ የቤት ኪራይ ጠያቂው መጣ። ሽማግሌዎቹ ግን አልነበሩም።

ለመሆኑ በዚያች ወረቀት ላይ የተፈረመው ምንድን ነው? ይቅርታ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ደሙን ማን ሸጠው? ማንስ አልሸጠውም? በዚህ ጽሑፍ እንድንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይኸው ነው።

ቀደር ዕዳን አይሰርዝም

«ቀደር ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው። ሞት በአላህ (ሱ.ወ.) ውሳኔ እንደሚመጣ የማያምን ሙስሊም የለም። ነገር ግን ይህ እውነት ያለ ቦታው ሲገባ ለሌላ ሰው ጥፋት መሸፈኛ ይሆናል። የሟችን ዕለተ ሞት የወሰነው ጌታ፣ በስሕተት ሰው የገደለ ምን ማድረግ እንዳለበትም ወስኗል። ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92ን ከፍቶ ያነበበ ሰው ነገሩን በግልጽ ያገኘዋል፤ ገዳዩ ባሪያ ነጻ እንዲያወጣ፣ ያላገኘም ሁለት ተከታታይ ወር እንዲጾም፣ ለሟች ቤተሰብም የደም ካሣ እንዲያስረክብ ታዟል። ቤተሰቡ ሶደቃ አድርጎ ከተወው በስተቀር ማለት ነው። ቀደር ዕዳን የሚሰርዝ ቢሆን ኖሮ ይህ አንቀጽ ለምን ይወርዳል?

ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ለሚለው ሰው የተሰጠውን መልስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያም ተመካ ነው የተባለው። ፍሬኑ ያላለቀለት መኪና፣ ያልደከመ ሾፌርና ያልተቋረጠ መድን የግመሉ ማሰሪያ ናቸው። ገመዱን ያልቋጠረ ሰው ግመሉ ሲጠፋ «ቀደር ነው» ቢል፣ ያመካኘው በቀደር ነው እንጂ በቀደር ያመነ አይባልም።

ካሣው የምን ዋጋ ነው?

«ደም አንሸጥም» ያለው ወንድም የተናገረው ከክብር ተነስቶ ነው። ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ስለዚህ አንስቀው፤ ነገር ግን እንጠይቀው። የሚከፈለው ገንዘብ በእርግጥ የወንድሙ ዋጋ ነውን?

የደም ካሣ በሸሪዓ ሲደነገግ መለኪያው 100 ግመል ነበር። ለባለጠጋው ነጋዴም፣ ለድሃው እረኛም ያው 100 ግመል ነው። ካሣው የሟችን ዋጋ የሚተምን ቢሆን ኖሮ ባለጠጋውና ድሃው፣ አዋቂውና መሃይሙ ባልተስተካከሉ ነበር። እኩል መሆኑ ራሱ የሰው ነፍስ ገበያ ላይ እንደማይወጣ የሚያስረዳ ነው።

የአገራችን ሕግም በራሱ መንገድ ይህንኑ ይመሰክራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የመኪና ባለቤት ራሱ ባያጠፋም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። በቁጥር 2095 ደግሞ ሟች ይረዳቸው የነበሩት የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና ወላጆቹ የቀረባቸውን መተዳደሪያ በካሣ መልክ መጠየቅ እንደሚችሉ ይገልጻል። ስለ ኅሊና ሐዘን የሚሰጠውን ካሣ ግን ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል! ሕግ አውጪው እንባን በገንዘብ ለመለካት ሲሞክር እጁ አጥሯል። ለሐዘኑ ያስቀመጠው ምልክት ያህል ብቻ ነው። በሰፊው የተወው ለእንጀራው፣ ለኪራዩ፣ ለትምህርቱ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ሟቹ አይከፈልበትም፤ ሊከፈልበትም አይችልም። የሚከፈለው ሟቹ በየወሩ ወደ ቤት ያስገባው የነበረው ዱቄት፣ ዘይት፣ ደብተርና መድኃኒት ነው። ያ ዱቄት የሟች ደም አይደለም። የልጆቹ ጉሮሮ ነው።

ይቅርታ ከራስ ኪስ ነው

ቁርአን ይቅርታን ያበረታታል። ካሣውን ለአላህ ብሎ የሚተው ሰው ትልቅ ምንዳ አለው። ይህን አንክድም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የሚተወው ማነው? የሚተውስ የማንን ነው?

ሶደቃ የሚሰጠው ከራስ ገንዘብ ነው። የጎረቤቱን በግ ነድቶ ለሚስኪን ያረደ ሰው ቸር አይባልም። ካሣው ደግሞ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የባልቴቲቱ ድርሻ አለበት፤ የእናትና የአባት ድርሻ አለበት፤ ከሁሉም በላይ የልጆቹ ድርሻ አለበት። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ፣ አእምሮው የተሟላ ወራሽ የራሱን ድርሻ ለመተው ይችላል፤ መብቱ ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷን ልጅ ድርሻ ግን አጎቷ መተው አይችልም። አያቷም አይችልም። እናቷም ብትሆን የልጇን ሐቅ ለሌላ የመለገስ ሥልጣን የላትም። በፊቅህ መጻሕፍት የየቲም ጠባቂ ሥራው ገንዘቡን መጠበቅና ማልማት ነው፤ ከዚያ ላይ መለገስ አልተፈቀደለትም።

በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 10 የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ ተነግሯል። እኛ ይህን ስንሰማ የምናስበው የየቲም መሬት የሚነጥቅ ጨካኝ ዘመድን ነው። በየቲሙ ገንዘብ «ለአላህ ብዬ» ስም የሚያተርፍ ሰውስ? በድንኳን ውስጥ የተጨበጨበለት ወንድም በዚያች ሌሊት የወንድሙን ደም አልሸጠም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የወንድሙን ልጆች እራት አሳልፎ ሰጥቷል። ያወቀው አይመስለንም። ለዚህ ነው መነገር ያለበት።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳሉ ገንዘባቸውን ሁሉ ለሶደቃ ሊናዘዙ ባሰቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶው እንዳያልፉ ከልክለዋቸዋል። ምክንያቱም ወራሾችን የሰው እጅ የሚያዩ ድሆች አድርጎ ከመተው ይልቅ ራሳቸውን የቻሉ አድርጎ መተው የተሻለ መሆኑ ነው። ባለ ገንዘቡ ራሱ በሕይወት እያለ ከሲሶ በላይ መናዘዝ ካልተፈቀደለት፣ ከሞተ በኋላ ሌላው ተነስቶ የልጆቹን ሁሉ መተው እንዴት ይፈቀድለታል?

የዛሬው ሾፌር ዘመዶች እነማን ናቸው?

አንድ ደሃ ሾፌር 100 ግመል ወይም የዚያን ግምት ከየት ያመጣል? ይህ የዛሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም የነበረ ነው። መልሱም ዓቂላ የሚባለው ሥርዓት ነበር። በስሕተት የተፈጸመ ግድያ ካሣ በገዳዩ ብቻ ላይ አይወድቅም፤ ዘመዶቹ ተከፋፍለው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲከፍሉት ይደረጋል። ከሁዘይል ጎሳ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንዷ በወረወረችው ድንጋይ ሌላዋ በሞተች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካሣውን በገዳይዋ ዓቂላ ላይ ፈርደዋል። በመዲና ቃል ኪዳን ላይም እያንዳንዱ ወገን የደም ካሣውን በጋራ እንዲከፍል ተጽፏል።

የዚህ ሥርዓት ፍልስፍናው ጥልቅ ነው። ስሕተት ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ አንተ ለአጎትህ ልጅ ታዋጣለህ፤ ነገ እርሱ ላንተ ያዋጣል። ሟች ቤት ካሣውን ያገኛል፤ ገዳይም በአንድ ቀን ስሕተት ከነቤተሰቡ አይጠፋም። ሰባት ቤት አገው በሚባልበት አገር፣ ሰው ከየትኛው ቤት እንደሆነ በሚጠየቅበትና በሚታወቅበት አካባቢ፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የደም ካሣን ዘመድ ተሰብስቦ ማዋጣት ለባላገሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ የዛሬው ሾፌር ዓቂላ ማነው? የከሰል አይሱዙ የሚነዳው ወጣት ምናልባት ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው፤ መኪናው የአንድ ሰው፣ ጭነቱ የሌላ ሰው ነው። ዘመዶቹ የት እንዳሉ ዳንግላ ላይ የሚያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነውም ሞት የሚደርሰው እንደኛ ባሉ ድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። እንዲህ ያለውን የሞት ብዛት የአንድ ጎሳ መዋጮ አይችለውም።

ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወታደሮችን በመዝገብ ሲያደራጁ፣ በአንድ መዝገብ የተጻፉት እርስ በርሳቸው ዓቂላ እንዲሆኑ ማድረጋቸውን የሐነፊ ዓሊሞች ይጠቅሳሉ። ከዚህ የምንረዳው ዋናው ነገር የሥጋ ዝምድናው ብቻ ሳይሆን መተጋገዙ መሆኑን ነው። እንግዲያውስ የዛሬው ሾፌር ዘመዶች በመንገዱ ላይ መኪና ያላቸው ሁሉ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እያንዳንዱ ባለ መኪና በየዓመቱ ጥቂት ያዋጣል፤ አንዱ ሰው በገጨ ጊዜ ከተዋጣው ላይ ለሟች ቤተሰብ ይከፈላል። የሦስተኛ ወገን መድን የሚባለው በሐሳቡ ይኸው ነው።

በአገራችን ይህ መድን በአዋጅ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ማንኛውም ባለ መኪና ይህ መድን ሳይኖረው መኪናውን መንገድ ላይ ማውጣት አይችልም፤ በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚሁ ማስረጃ ነው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ እየታየ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪናም የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ ማን እንደገደለው ያልታወቀ ሰው ቤተሰብ እንኳ ባዶ እጁን እንዳይቀር የታሰበ ነው። የተጎዳ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ገንዘብ እስኪያመጣ በር ላይ እንዳይቆም፣ የአስቸኳይ ሕክምና ወጪውም በዚሁ ሕግ ተሸፍኗል።

ገንዘቡ ብዙ ነው አንልም። 40,000 ብር ሦስት ልጅ አሳድጎ አያደርስም ነበር። ነገር ግን ለአንዲት ባልቴት አንድ ዓመት የመተንፈሻ ጊዜ፣ የጉልት ንግድ መነሻ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ሳታስወጣ የምትሻገርበት ድልድይ ይሆናል። ከመድኑ ወሰን በላይ ያለውንም ከባለ መኪናው በፍርድ ቤት የመጠየቅ መንገድ አለ። ከሁሉም በላይ ሐቋን ይዛ ትቆማለች፤ የሰው ፊት አታይም።

«ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ወገኖች የሚያነሱት ከተቅዋ ነው፤ ስለዚህ በአግባቡ ሊመለስ ይገባዋል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። የደማስቆው የሐነፊ ሊቅ ኢብን ዓቢዲን (እ.ኤ.አ. በ1836 የሞቱት) በዘመናቸው ነጋዴዎች ለመርከብ ጭነት ይከፍሉት የነበረውን «ሱከራ» የሚባል መድን መርምረው ካሣውን መቀበል አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም የንግድ ኢንሹራንስ ውል ከባድ ገረር፣ ማለትም ውሉን የሚያበላሽ ጥርጣሬ ያለበት ነው ብሎ ከልክሎ፣ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን መድን በምትኩ ደግፏል። በሌላ ወገን ሶሪያዊው ሊቅ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ እ.ኤ.አ. በ1961 በደማስቆ በተደረገ የፊቅህ ጉባኤ ላይ፣ ዓቂላንም እንደ አንድ ማስረጃ አቅርበው፣ ኢንሹራንስ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው ሲሉ ተከራክረዋል።

እኛ በሊቃውንት መካከል ፈራጅ አይደለንም። አንድ ነገር ግን እንዲታይ እንፈልጋለን። ይህ ሁሉ ክርክር የተነሳው ውሉን በሚዋዋሉት፣ በባለ መኪናውና በኩባንያው መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። የዳንግላዋ የቲም ከማንም ጋር ውል አልተዋዋለችም። ዓረቦን አልከፈለችም። ያላት አባቷን በገደለው ወገን ላይ ያላት ሐቅ ነው። ባለ ዕዳው ዕዳውን በራሱ እጅ ቢከፍል፣ በዘመዱ በኩል ቢከፍል፣ ወይም ክፍያውን በተቀበለለት ኩባንያ በኩል ቢከፍል፣ በእርሷ በኩል የምትቀበለው ያንኑ ሐቋን ነው። በባለ መኪናው ውል ላይ ያለውን ጥርጣሬ አንስተን በየቲሟ ጉሮሮ ላይ ማሳረፍ ፍትሕ አይደለም። የተጠራጠረ ወገን የአካባቢውን ዓሊሞች ይጠይቅ፤ ሳይጠይቅ ግን በልጆች ስም አይፈርም።

ለባለ መኪናውም ቢሆን ዛሬ በሩ የተዘጋ አይደለም። በጎረቤታችን በሱዳን የእስልምና መድን ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም በነባር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውስጥ የተካፉል አገልግሎት ተከፍቷል። በተካፉል ተዋጪው የሚከፍለው ልገሳ ነው፤ ገንዘቡ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ ይያዛል፤ ኩባንያው አስተዳዳሪ ነው፤ ወለድ ውስጥም አይገባም። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዕድር ያለው ሰው የተካፉልን ፊደል ቆጥሯል። በጉዞ ስንቃቸው ሲመናመን ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ አፍስሰው እኩል ይካፈሉ የነበሩትን አሽዐሪዮች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ከእኔ ናቸው» እስከማለት ማመስገናቸውን ያወቀ ደግሞ ሙሉውን ትምህርት አንብቧል።

መድን ስለ ሾፌሩ አይጾምም

እስካሁን የተናገርነው ለሟች ቤት ነው። መሪ ለጨበጠው ሰውም የምንለው አለን።

ዛሬ ከአንዳንድ ሾፌሮችና ባለ መኪኖች አፍ «መድን አለው፤ ይከፍላል» የሚል ቃል ይሰማል። ይህ አደገኛ ቃል ነው። ከላይ የጠቀስነው አንቀጽ ሁለት ዕዳ አስቀምጧል፤ አንዱ ለሟች ቤተሰብ፣ አንዱ ለአላህ። የመጀመሪያውን መድን ሊሸከምልህ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ማንም አይሸከምልህም። በጥፋትህ ሰው ከሞተ ኩባንያው ስላንተ ሁለት ወር አይጾምም። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳህ ኩባንያው አይነቃልህም። ለዚህ ነው ጥንትም ካሣው ለዘመድ ሲከፋፈል ከፋራው በገዳዩ ላይ ብቻ የቀረው። ገንዘብ ይጋራል፤ ኅሊና አይጋራም።

ደግሞም ዓቂላ የተደነገገው ለስሕተት ነው። ጫት ሲቅም አድሮ፣ ሁለት ቀን ሳይተኛ፣ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ በእንጅባራ ጉም ውስጥ በፍጥነት የሚነዳ ሰው «ተሳሳትኩ» ለማለት ምን አንደበት አለው? ለጭነቱ ሲል እንዲህ ነድተህ ድረስ የሚለው ባለ መኪናስ? በሰው ፊት የሽማግሌ እርቅ ሊያድናቸው ይችል ይሆናል። መንገዱን ያየ ጌታ ግን ፍጥነቱንም አይቷል።

አንድ ነገር ለሾፌሮች ቤተሰብም እንጨምር። የሦስተኛ ወገን መድን የተገጨውን ወገን እንጂ ሾፌሩን ራሱን ለመካስ የወጣ አይደለም። እርሱ ቢሞት ልጆቹ የሚያገኙት ሌላ ውል ሲኖር ወይም አሠሪው ኃላፊነቱን ሲወጣ ነው። የሾፌር ልጆችም የቲም ይሆናሉና፣ ሾፌር የሚቀጥር ሁሉ ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ከድንኳኑ በኋላ ምን ይደረግ?

ጀማዓችን በሦስቱ ቀን ጎበዝ ነው፤ በአራተኛው ቀን ይደክማል። ከፈን የሚገዛ አይጠፋም፤ ባልቴቲቱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ግን ይጠፋል። ሥራው የሚጀምረው ግን እዚያ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል። የሐኪም ማስረጃና የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የወራሽነትና የሞግዚትነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ባለ ጉዳዮቹ ከተስማሙ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ማውጣት ይችላሉ። የገጨው መኪና ታርጋና መድን የገባበት ኩባንያ ይታወቃል፤ ካልታወቀ ወደ መድን ፈንዱ ይኬዳል። ይህ ሁሉ ጊዜ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የካሣ ክስ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሐዘን ሁለት ዓመትን እንደ ሁለት ሳምንት ያሳልፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዕድር ሕግና ጽሕፈት የሚያውቅ አንድ ሁለት ሰው ለዚህ ጉዳይ ቢመድብ፣ የመስጊድ ኢማሞችም በኹጥባቸው ይህን ቢያስተምሩ፣ ከከፈን የማይተናነስ ኸይር ሥራ ይሆናል። ሽማግሌዎቻችንንም በአክብሮት እንለምናለን። እርቅ አድርጉ፤ ቂም አብርዱ፤ የሾፌሩን ቤተሰብ ከበቀል ጠብቁ። ይህ የተቀደሰ ሥራ ነው። ነገር ግን እርቅና ካሣ ተለያይተው ይታዩ። «ልጁን ይቅር በሉት» በሉ፤ «የልጆቹን ሐቅ ተዉ» አትበሉ። ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረሙ በፊት «በዚህ ቤት ስንት ሕፃን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ዳንግላው ቤት እንመለስ። ያ ወንድም ዛሬም ቢሆን ክብሩን ሳያጣ የሚናገረው ቃል አለ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜ እንዲህ ቢላቸው ኖሮ መልካም ነበር፦ «እኔ በበኩሌ ልጁን ይቅር ብየዋለሁ፤ ቂም የለኝም። የእኔ ድርሻ ካለም ለአላህ ትቻለሁ። የእነዚህ ሦስት ልጆች ድርሻ ግን የእኔ አይደለም፤ አማና ነው። እርሱን በሕጉ እንቀበላለን።»

እንዲህ ያለ ሰው ደም አልሸጠም። ይቅርታውንም አልነፈገም። የቲሙንም አላስራበም። አላህ (ሱ.ወ.) በመንገድ የሞቱትን ወገኖቻችንን ይማርልን፤ የቀሩትን ልጆች ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።